ላንተ ብቻ ያወራሁት

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ለማሙሽ፣ ለአንድዬ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ብናደድብህም እህትህ ነኝና ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ አልገባም። እማዬ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት።

ኤግዚቢሽንህን አየነው። ወደኛ ከተማ መምጣቱን በሬዲዮ የሰማችው አክስታችን ናት። ቤታችን ከፈረሰ ጀምሮ እኔንና እማዬን ያስጠጋችን እሷ አይደለች? "የወንድሜ ልጅ ሥራ!" ብላ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስከትላ ሄደች። እማዬ በጉልበቷ ምክንያት ቤት ቀረች፤ እኔ ግን በኩራት ፊት ፊት እል ነበር።

"ለማስታወሻ ላኪልኝ" ያልከኝን የእማዬን መጋረጃ ቆራርጠህ፣ ከግድግዳችን ፍርስራሽ ጋር ለጥፈህ፣ የአባዬን ፎቶ መሀሉ አድርገህበታል። እሱስ ይሁን። እንዲያውም ሳየው እንባዬ መጣ፤ አክስታችን እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ድምፄ ወጣ። የኔው ድምፅ! "ሰጠችን የምትለው ክፍል እኮ የዕቃ ቤት ነው። ውሃ በቀዳሁ ቁጥር ቆማ ታየኛለች። የምትሰጠን ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ እየተሰነቀረ ነው።"

ምነው ማሙሽ! ምን በደልኩህ? በስልክ "የሆድሽን አውጪው፣ ይቅለልሽ" ስትለኝ ያወራሁትን? እየቀዳህ መሆኑን መቼ ነገርከኝ? ሆድ ሲብሰኝ ለወንድሜ ተነፈስኩ እንጂ ለአገር ምድሩ አላወራሁም። ከመጋረጃው ሥር ደግሞ "የአንዲት ተፈናቃይ ድምፅ" ተብሎ ተጽፏል። አንዲት! "የእህቴ" ለማለት እንኳ አፈርክብኝ?

አክስታችን እጄን ለቀቀችው። ድምፁ አልቆ እንደገና ሲጀምርም ንቅንቅ ሳትል ሰማችው። ጎረቤቶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እኔም አላልኩም ብዬ እንዳልምል፣ ድምፄ ነዋ!

ቤት ስንገባ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። "ልጄ፣ ቆሜ የማይሽ እኮ ቧንቧውን ስለማትዘጊው ነው" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ውጡ አላለችንም። ግን በምን ዓይኔ ልያት? ትናንት ሌላ ክፍል ፍለጋ ስዞር ዋልኩ። ዕቃ ስሸክፍ እማዬ አየችኝና "ደግሞ ይሄኛውን ቤት ማን አፈረሰብን?" አለችኝ። ስምህን አልጠራሁም።

እግዚአብሔር ይጠብቅህ፤ ሥራህንም ይባርክልህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምልህ። ስትደውል ግን ከእንግዲህ "ደህና ነን" ብቻ ነው የምልህ። ከፈለግክ እሱንም ቅዳው።

እህትህ