አቶ አካለ ወልድ ሙሉቀን እና ነፋስ ያልጣለው ገብስ

አቶ አካለ ወልድ ሙሉቀን ከአባታቸው ከአቶ ሙሉቀን አማረና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስሜነሽ አበባው ጥቅምት 12 ቀን 1949 ዓ.ም በምሥራቅ ጎጃም ቁይ አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ገቡ፤ ሁለተኛ ደረጃን በደብረ ማርቆስ ጨርሰው በእርሻ ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ።

በ1973 ዓ.ም በብሔራዊው የኑክሌር ሳይንስ ምርምር ድርጅት ተቀጠሩ። ሥራቸው ዘርን በጨረራ አስመትቶ መዝራትና ከበቀለው መካከል የተሻለውን ዛላ በየዓመቱ መምረጥ ነበር። የአገራቸው ሰው ገብሳቸው በጨለማ ያበራ እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ቢያበራማ ላምባ መግዛት በተውሁ ነበር» ይሉ ነበር። በ1976 ዓ.ም ወ/ሮ ዓይናዲስ ጌቱን በተክሊል አግብተው የኔአለምንና ሂዊን ወልደዋል።

ሐሳባቸው አንድ ነበር፤ ጡረታ ሳይወጡ የቁይ ነፋስ የማይጥለው ገብስ ማግኘት። ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በአባታቸው መሬት ሰማንያ ትንንሽ መደብ እየዘሩ፣ የአንዱ ዘር ከሌላው እንዳይቀላቀል በየመደቡ ቁጥር የተጻፈበት ችካል እየተከሉ ስድስት ዓመት መረጡ። የችካሉን ነገር ግን ለጎረቤት አላስረዱም፤ «አይገባቸውም» ብለው ነው።

ኅዳር 2007 ዓ.ም ለአጨዳ መምጣት ሲገባቸው የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ያዛቸው። ሰማዩም በዝናብ ደመና ከበደ። ጎረቤታቸው አቶ ምስጋናው «የሰው እህል ዓይናችን እያየ አይበሰብስም» ብለው ደቦ ጠሩ። ሰማንያውን መደብ አጭደው ባንድ አውድማ ወቁት፤ በችካሉም እሸት ጠበሱበት።

አቶ አካለ ወልድ ሲደርሱ ምስጋናው እየሣቁ ተቀበሏቸው። «አካሉ፣ አንዲት ፍሬ አልባከነችም! ሁሉንም ጎተራ አስገባንልህ።»

አቶ አካለ ወልድ ገለባው ላይ ቁጭ አሉ። «ስድስት ዓመቴን ባንድ ቀን ወቃችሁት» አሉ።

«ታዲያ ምነው አልነገርከን?»

ለአቶ አካለ ወልድ ለጡረታ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። የቀረበላቸውን ጠላ ጠጥተው ደቦውን መረቁ፤ በማግስቱም ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው የእያንዳንዱን ችካል ትርጉም ከሀ እስከ ፐ አስረዱ።

የመጀመሪያው ዘር በድርጅቱ መጋዘን ተርፎ ስለነበር እንደገና ጀመሩ። በ2009 ዓ.ም ጡረታ ሲወጡም ድርጅቱ ሥራውን አልነጠቃቸውም፤ ቁይ ገብተው ቀጠሉ። መደቦቹን ጎረቤት ተከፋፍሎ ይጠብቅ ጀመር። ምስጋናውማ ችካል ጠባቂነቱን ከሹመት ቆጥረውት አቶ አካለ ወልድን እንኳ ቁጥር ሳያስጠሩ አያስገቡም ነበር። በ2016 ዓ.ም የጥቅምት ነፋስ የአካባቢውን ገብስ ሁሉ ሲያስተኛው አርባ ሦስተኛው መደብ ቆሞ ተገኘ። ከዚያ የተገኘው ዘር ባለፈው ክረምት በአሥራ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ተዘራ።

አቶ አካለ ወልድ በኩላሊት ሕመም ታመው በደብረ ማርቆስና በቤታቸው ሲታከሙ ቆዩ። ኅዳር 22 ምስጋናው አንድ ነዶ ይዘው አልጋቸው አጠገብ ገቡ።

«ለየብቻው ታጨደ?» አሏቸው አቶ አካለ ወልድ።

«ለየብቻው። የአሥራ አንዱም ገበሬ ገብስ አልወደቀም።»

አገዳውን ጎንበስ አድርገው ለቀቁት፤ ቀና ሲልላቸው «እንግዲህ ብሉት» አሉ። ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ አካለ ወልድ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ለወ/ሮ ዓይናዲስ፣ ለልጆቻቸውና ለቁይ ወዳጆቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን። የእርሳቸውንም ነፍስ ደጋጎቹ ካረፉበት ያሳርፍልን፤ አሜን።