የቲቦር ዓሦች

...ቲሳ ወንዝ ዳር ወንድምሽ ቲቦር ለመጀመሪያ ጊዜ ጉልበቱ ሲከዳው እጁን ይዘሽ የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ይምታታብኛል። ልጄ ኦርሾያ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ደኅና ያውልሽ። እኛ አለን። ጭጋጉ ዘንድሮም ከተማችንን ሴጌድን አልለቅ ብሏል። እኔ አሁንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ዓሣ እመግባለሁ፤ ቤት ስገባ ጣቶቼ ከውኃው የተነሳ እንደተጨማደዱ ናቸው።

ጡንቻ የሚያደክመው የወንድምሽ የዘረመል ጉድለት ለምርምር የገባባቸው ትንንሽ ዓሦች ገንዳው ሥር ተጋድመው ይውሉ ነበር። አዲሱ መድኃኒት ውኃቸው ውስጥ ከተጨመረ ወዲህ መዋኘት ጀምረዋል። ለቲቦር ብነግረው፣ «እማ፣ የገናውን የዓሣ ሾርባ ስትሠሪ ዘመዶቼን ለይተሽ አውጪ» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ማንኪያውን በሁለት እጁ ሲያነሳ አየሁት።

አለቃዬ ዶክተር ፒሮሽካ ግን ዓሣ ብቻውን አይበቃም ትላለች። ከቲቦር ቆዳ ያሳደጉት የጡንቻ ሕዋስ አለ። መድኃኒቱ ለሰው መሥራቱን ለማወቅ ከጤነኛ ወንድም ወይም እኅት ሕዋስ ጋር ማስተያየት አለባቸው። ከአንቺ ሌላ ማን አለው? ምርመራውን እንደምትፈሪ አውቃለሁ። በሽታው በአንቺም ውስጥ ተደብቆ ቢገኝስ እያልሁ እኔም እንቅልፍ አጣለሁ። ሁለት ልጅ ያላት እናት ለአንዱ ስትል ሌላዋን እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አድርጋ እንደምትለምን አላውቅም።

ቢሆንልሽ ከገና በፊት ነይልኝ። የሚወስዱት ምስር የምታህል ቆዳ ነች። እምቢ ብትዪም ምርቃቴ አይጎድልብሽም፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ይህን ስጽፍልሽ ቲቦር ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል። «እማ፣ አትለምኛት» አለኝ። ግድግዳውን እየተደገፈ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ በሩም ተዘጋ።