ስለ አረንጓዴው ስክሪንዎና ስላልተቆጠረችው ልጄ

ለተከበሩ የጤና መረጃ መጋሪያ ማዕከል ኃላፊ
ሐዋሳ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በማዕከልዎ መግቢያ ላይ ለተሰቀለው፣ የየጤና ጣቢያውን ውጤት በቀለም ለሚያሳየው ትልቅ ስክሪን የተሟላ ጤና እመኛለሁ። ስክሪኑ እንኳ ከሁላችንም የተሻለ ጤንነት ላይ እንደሚገኝ ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው።

እኔ ታቦር ክፍለ ከተማ የምኖር፣ መናኸሪያ አካባቢ ጫማ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች መረጃቸውን እንዲጋሩ፣ የማን ሕክምና የት ላይ እንደደከመ እንዲታወቅና የደከመው እንዲታገዝ ማዕከሉን ስላቋቋማችሁ አመሰግናለሁ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው። ቅሬታዬን በቁጥር የማቀርበው ቁጥር የሌለው ነገር እናንተ ዘንድ እንደማይታይ ስለተረዳሁ ነው።

1ኛ. ባለቤቴን ወንጌላዊትን ምጥ ሲይዛት ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። አዋላጇ ሲስተር ጸሐይወርቅ የፅንሱ የልብ ምት መድከሙን እንዳወቀች ሳትዘገይ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልን። አምቡላንሱ ግን የጤና ጣቢያውን አመራሮች አሳፍሮ፣ ማዕከላችሁ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ወዳዘጋጀው የምስክር ወረቀት አሰጣጥ ሄዶ ነበር። ጤና ጣቢያው በእናቶች አገልግሎት ጥራት ተሸላሚ ስለሆነ እንኳን ደስ አላችሁ። እኛ በባጃጅ ሄድን።

2ኛ. የሪፈራችን መረጃ በኮምፒውተር ቀድሞን እናንተ ዘንድ ደርሶ ነበር፤ ለፍጥነታችሁ አድናቆቴ ይድረሳችሁ። ለሆስፒታሉ ግን የነገረው ስላልነበረ የሚጠብቀን ሰው አልነበረም፤ የበሩ ጥበቃም ባጃጅ ወደ ውስጥ አይገባም ብሎ አስቆመን። እኔ ከጥበቃው ጋር ስጨቃጨቅ ልጃችን እዚያው ባጃጁ ውስጥ ተወለደች፤ ጥቂት ተንፍሳ ዝም አለች። ክቡር ሆይ፣ ያን በር ላለማለፍ አሁንም በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

3ኛ. ጤና ጣቢያው እናቲቱን በሕይወት ስለሸኘ ሞቱ የእርሱ አይደለም። ሆስፒታሉም ካርድ ሳያወጣለት የሞተ ሰው የእርሱ አይደለም። በዚህ ስምምነት መሠረት ልጄ በክልላችን አልሞተችም፤ እንዲያውም አልተወለደችም።

4ኛ. ሲስተር ጸሐይወርቅ ግን ሞቱን በሪፖርቷ አካታ ላከች፤ ጤና ጣቢያውም በስክሪኑ ላይ ቢጫ ሆነ። እኔ ሞኙ፣ ቢጫ ሲበራ ሌላ አምቡላንስ የሚላክ መስሎኝ ነበር። የተላከው የግምገማ ቡድን ነው። አዋላጇ የጋራ ውጤት አበላሽተሻል ተብላ ግለ ሂስ እንድታወርድ ተደረገ፣ ሪፖርቱ "ተስተካከለ"፣ እርሷም ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ጤና ጣቢያው አሁን አረንጓዴ ነው። የአሁኖቹ አዋላጆች ካዩት ውስጥ የትኛውን እንደሚጽፉ ከዚህ በኋላ ማንም ሊያስተምራቸው አያስፈልግም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄን ቁጠሩልኝ። እርሷን የሚመልሳት ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። እርሷ ካልተቆጠረች ግን አምቡላንሱም ለሽልማት መሄዱን፣ በሩም መዘጋቱን አይተውም፤ እኔ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ያችን ባጃጅ ሲሳፈር ማየት አልችልም።

ለአረንጓዴ ቀለም ያለዎትን ጽኑ ፍቅር በአድናቆት የምመለከት፣ በማዕከልዎ መረጃ መሠረት አንዳች ክፉ ነገር ያልደረሰብኝ አገልጋይዎ፣

ማቴዎስ በርናባስ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ የምስክር ወረቀቱ አምሮበት በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከፊርማዎ በላይ ያለውም ቀን በጉልህ ይነበባል። ልጄ የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን በመንግሥት ማኅተም ተረጋግጦ የሚገኘው እዚያ ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ሲከፋት እየሄደች ትቆምበታለች፤ እባክዎ እንዳያወርዱባት።