የስድስተኛው ደወል ገመድ

ልጄ ሮዌና፣ አምላክ ከብራስልስ ብርድና ከክፉ ሰው ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

ፓርላማችን ግን ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ሲሉት እምቢ፣ እንቆይ ሲሉት እምቢ፣ ድርቅ ብሏል። በቤተ ክርስቲያናችን ደወል ቤትም ያው ሆኖ ነበር። «እንውጣ» ባዩ ባርናቢና «እንቆይ» ባይዋ ሄስተር ጎን ለጎን ገመድ አንስብም ብለው ተኮራረፉ። የደዋዮቹ አለቃ እኔ አይደለሁ?

«ገመዳችሁን ያዙ፣ ተራችሁን ጠብቁ። ጠቡን ከደወሉ በኋላ ትጨርሱታላችሁ!» አልኳቸው።

«አንቺም እኮ የመረጥሽው እንደሱ ነው!» አለች ሄስተር።

«እሱን ተይውና ሳቢ!»

እሑድ አንዲት ስህተት ሳንሠራ ደወልን። ያን ፓርላማ ገመድ አስይዘው ለእኔ ቢሰጡኝ በሳምንት አስማማዋለሁ።

ደወሎቹ ስድስት ናቸው፤ እኛ ደዋዮቹ ግን አምስት ነን። ስድስተኛው ደወል ተራው ሲደርስ ዝም ይላል፤ ያንቺ መሆኑን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ከዚያ የእንውጣ እንቆይ ምርጫ ወዲህ እግርሽ ቤቴን አልረገጠም። እንውጣ ብዬ መምረጤን አልክድም፤ አሁንም አልጸጸትም። አንቺን ግን «ከቤቴ ውጪ» መቼ አልኩሽ?

ለፋሲካ ነይልኝ። ክንድሽን ያበርታልኝ፤ ገመድሽን ማንም አልነካውም።

እናትሽ ዊኒፍሬድ