ሁለተኛው ድንጋይ

ከመሬት በታች ማዕድን ስትቆፍር ለምትውለው ወንድሜ ዞላኒ፣ ወደ ብርሃን በወጣህ ቁጥር ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ፣ ተመስገን ነው፣ ደህና ነን።

ቅዳሜ እማ “ባሕሩ ላይ የሚወርደውን ፏፏቴ ልየው” አለችና ሄድን። መንገዱ መጀመሪያ ላይ፣ በደህና እንድንመለስ እንደ ወጉ መንገደኛ ሁሉ በከመረው የድንጋይ ክምር ላይ አንድ አንድ ድንጋይ ጣልን። አምስት ቦታ አረፍን። “ይሄ ፏፏቴ ሸሸ እንዴ?” ብላ አሳቀችኝ። ቀሚሷ ስለሰፋት በመርፌ ቁልፍ ሰብስባዋለች።

ስንመለስ ክምሩ ጋ ቆማ ሌላ ድንጋይ አነሳች።

“እማ፣ የሚጣለው ሲኬድ ነው እኮ! አሁን ቤት ደረስን።”

“አንቺማ ደረስሽ” አለችኝና ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

“ልጄን ሳሚልኝ” ብላሃለች። ለገና የምትልክላትን ቀሚስ ዘንድሮ ጠበብ ያለ ግዛላት፤ ለገናም ባታቆየው ደስ ይለኛል።

እህትህ ኖሉታንዶ