ሦስቱን ፔዳሎች በእግሬ ስፈልግ

ውድ እትዬ፣

ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። አብረን እየኖርን ምን ያስጽፈኝ ነበር? አሁንም የምጽፈው አፌ አልታዘዝ ስላለኝ ነው። ለእማዬ ልንገራት ብዬ ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ሳሙና አልቋል» ብዬ ጨረስኩት። ሰባተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጥኩ ታውቂያለሽ፤ ፊደል ብስት እለፊኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሻለቃ አስጠራኝ። ወታደር ቤት ደጃፍ እንኳ ሳያልፍ ሁሉን ስለሚያዝዝ ሻለቃ ያልሽው የባንዱ አለቃ። ምድር ቤት ያለው አዳራሽ እንደተውሽው ነው። ውጭ ፀሐይ ቢሆንም እዚያ ውስጥ ሁልጊዜ እንደመሸ ነው፤ መስኮት የለው፣ ከከበሮው በላይ ካለችው ቀይ አምፖል በቀር መብራት የለው። ያንቺ ጥግ ደግሞ ይብሳል፤ «ዐይኔን ያመኛል» ብለሽ አምፖሉን አስወልቀሽዋል።

«አክስትሽ ካረፈች ሦስት ወር ሆናት፤ ጠረጴዛዋ አቧራ እየጠጣ ነው» አለኝ ሻለቃ። ጊታርሽን እስከ ዛሬ ጠረጴዛ ነው የሚለው፤ በአራት እግር ስለሚቆምና ክሮቹ ወደ ላይ ተዘርግተው ስለሚመቱ። «ሦስት ዘፈን ከተወጣሽ ወንበሯ ያንቺ ነው። ካልሆነ ግን ከሌላ ባንድ አንድ ሰውዬ አነጋግሬያለሁ፤ መሣሪያውንም እሱ ይረከበዋል።»

«እሺ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እሺ አለችህ» አለች ዘፋኟ። «ይቺ ልጅ ባትሪው ያለቀ ሬዲዮ እኮ ናት።» በክፋት አይደለም፤ የምትጠጣውን ሻይ ግማሹን አቀበለችኝ።

እትዬ፣ የፈራሁት ለምን እንደሆነ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስኳርሽ ግራ እግርሽን ካደነዘዘው ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ፔዳል የምትረግጪው አንቺ አልነበርሽም። ከመሣሪያው ፊት እስከ ወለሉ እንደ ድንኳን የተወጠረው ጥቁር ጨርቅ ውስጥ፣ ፊቴን ወደ ጉልበትሽ አዙሬ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ሰው ሳይመጣ እገባለሁ፣ ሰው ሲያልቅ እወጣለሁ። አንቺ ከላይ ክሩን ስትመቺ፣ ድምፁ እንዲለጠጥና እንዲያለቅስ ፔዳሉን በእጄ የምጫነው እኔ ነኝ። ዘፈኖቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። አንድ ነገር መቀየር ስትፈልጊ ብቻ በጉልበትሽ ትከሻዬን ነካ ታደርጊኛለሽ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቦታ እንቀያየር ነበር። አንቺ እንደምንም ወለሉ ላይ ትወርጂና ፔዳሎቹን በእጅሽ ትይዣለሽ፤ እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ ክር እማራለሁ። «እግርሽንም አስለምጂው እንጂ» ስትይኝ «ነገ» እልሽ ነበር። ነገ እንዳልኩ ቀረ።

እና ማክሰኞ ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩ። የክር መምቻ ጥፍሮቹን ጣቶቼ ላይ አጠለቅሁ፣ ክሩ ላይ የሚንሸራተተውን ብረት በግራ እጄ ያዝኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። በእግሬ ፔዳሎቹን መፈለግ ጀመርኩ። ጎንበስ ብልም ከጉልበቴ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር ነው። ቀዝቃዛ ብረት ነካሁ። አንደኛው ነው ብዬ ረገጥኩት፤ ሦስተኛው ሆነ። ሁለት ዓመት የማውቃቸው ከፊት ለፊት ነዋ። ከዚያ ወገን አንደኛው በቀኜ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ሁሉም ተገለበጠ። ልቤ ያውቀዋል፤ እግሬ ግን ወደለመደችው ትሄዳለች እንዳልል፣ እግሬ ምኑንም አልለመደችም። የለመደችው እጄ ናት።

«ከመጀመሪያው» አለ ሻለቃ።

ደግሜም ሳትኩ። ከበሮ መቺው ሳቁን ሲውጥ ሰማሁት።

«የቀረሽ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልጄ» አለ ሻለቃ።

በዚያን ጊዜ ተስፋ ቆረጥኩ። ሁለቱንም እግሬን ሰብስቤ በወንበሩ እግር ላይ ጠመጠምኳቸው፣ ያለ ፔዳል ልጨርሰውና ወደ ቤቴ ልሂድ ብዬ። ክሩን መታሁ። ፔዳሉ ወረደ።

እኔ አልነካሁትም። ፔዳሉን ከክሩ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ሲሳብ የሚያሰማትን ቅጭ የምትል ድምፅ ጭኔ አጠገብ ሰማኋት። ቀጥሎ ሁለተኛው ወረደ። ቀጥሎ ሁለቱ አንድ ላይ፣ ጥቂት ዘግየት ብለው፤ ጠዋት ጠዋት ወለሉ ላይ ሆነሽ ስትጫኚልኝ እንደምታዘገዪው። ባቴ ላይ ትንፋሽ ተሰማኝ። አይሞቅም፣ አይቀዘቅዝም፤ እንደ ክፍሉ አየር ነው፤ ግን ይመጣል፣ ይሄዳል። ባቆም ምን እንደሚከተል ስለፈራሁ ሦስቱንም ዘፈን ሳላቋርጥ ተጫወትኩ።

«እሷው ራሷ» አለች ዘፋኟ ቀስ ብላ።

ሻለቃ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዓርብ ትጀምሪያለሽ። ቅድም ስታላግጪብን ነበር ማለት ነው?»

«አይደለም።»

«ለማንኛውም እግርሽ አክስትሽን ወጥቷል» አለኝ።

ሁሉም ወደ ላይ ሲወጡ ጨርቁን ገለጥኩት። የሦስት ወር አቧራ ወለሉን ሸፍኖታል። መሃል ላይ ግን አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ያህል ንጹሕ ቦታ አለ። መዳፌን አሳረፍኩበት። ሞቅ ያለ ነበር።

መሮጥ ነበረብኝ። ያልሮጥኩት ያለብኝ ነገር ስለያዘኝ ነው። የመጨረሻ ሥራሽ ዕለት ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበልሽ፤ እኔ ጨርቁ ውስጥ ተኮራምቼ «ግማሹ እኮ የኔ ነው» አልኩ በሆዴ። ቀጥሎ በነበረው ዘፈን ሆን ብዬ የማይሆነውን ፔዳል ተጫንኩ። ሰው ሳቀ። አንቺ በማይክራፎኑ «ይቅርታ፣ እግሬ ሳተ» አልሽ። ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ተደግፈሽ «ደከመሽ አይደል ሚጢጢዬ?» አልሽኝ እንጂ አንዲት ቃል አልተናገርሽኝም። በሳምንቱ ሆስፒታል ገባሽ። አጠገብሽ ስቀመጥ ሁልጊዜ ልነግርሽ እጀምርና ትራስሽን አስተካክል ነበር።

ረቡዕና ሐሙስ ብቻዬን ሄጄ ሞከርኩ። እግሬን ስዘረጋ ፔዳሉ ቀድሞኝ ይወርዳል። ትናንት አንደኛውን በግድ ልያዘው ብል የሆነ ነገር እግሬን በቀስታ ገፋ አደረገው፤ ሕፃን ከእሳት እንደሚያርቁት። እትዬ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ያስጨነቀኝ ምቾቱ ነው። እንዲህ ከቀጠለ እኔ ወንበሩ ላይ ተደብቄ ልኖር ነው።

ዛሬ ጠዋት ለሻለቃ የእግርሽንና የጨርቁን ነገር ሁሉ ነገርኩት፤ የማክሰኞውን ብቻ አስቀረሁ። 

«ያ ጨርቅ ሲያስነጥስ እኮ ሰምቼ አውቃለሁ» አለኝ። «ምን ላድርግ? የሁለታችሁን ጉሮሮ ልዝጋ?»

«ዛሬ ግን በራሴ እግር ነው የምረግጠው፤ እሳሳታለሁ» አልኩት።

«ምን ያህል?»

«ብዙ።»

ጢሙን አሻሸ። «የማክሰኞውን አልጠይቅሽም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ተሳሳቺ። ከዚያ ካልተሻለሽ ሰውዬውን እጠራዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።»

ስለዚህ እትዬ፣ ይህን ወረቀት አጥፌ ፔዳሎቹ ስር አኖርልሻለሁ። ያጠፋሁትን አንብቢና ከቻልሽ ይቅር በይኝ። ከዚያ ከጨርቁ ውስጥ ውጪልኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንድ ወንበር እንዳያስይዝ ለአስተናጋጁ ነግሬዋለሁ። «ለማን ነው?» ሲለኝ «ለአክስቴ» አልኩት፤ ሌላ አልጠየቀኝም። ከፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ አንድም ቀን ሰምተሽኝ አታውቂም። ስሳሳት ሰው ቢስቅም አትነሺ። እጆችሽን ጭንሽ ላይ አድርጊና ስሚኝ።

የእህትሽ ልጅ፣
ሚጢጢ