የአስካለ ትከሻ

ሰኞ

ሦስት ክር ብቻ! ስድስት ክር ያለው ጊታር ይዤ ሦስቱን ብቻ ንካ ተባልኩ። የቀሩትን በጣቴ ጎን አፍኜ ዝም ማሰኘት አለብኝ። ሲመታ "ጫ" ይልና ወዲያው ይሞታል። አስጠሊታ ድምፅ ነው፤ ጉንፋን የያዘው በግ ሲያነጥስ ይመስላል።

ይህን ያመጡብን ጋሽ ምሕረቱ ናቸው። አዲስ አበባ ሆቴል ለሆቴል ፒያኖ ሲጫወቱ ኖረው፣ በስተርጅና ወደ አገራቸው ደብረ ብርሃን ተመልሰው የባንዳችን አለቃ ሆኑ። ቅዳሜ አዲሱ ሆቴል ሲመረቅ እራት ላይ ስዊንግ እንጫወታለን አሉ፤ የድሮ ጃዝ። የእኔ ሥራ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያልኩ ኮርድ፣ ሦስቱን ክር ባንዴ፣ መምታት ነው። ለብቻዬ የምደምቅበት ሶሎ የለም።

"ሪትም ጊታር ሲኖር አይሰማም፤ ሲጠፋ ነው የሚታወቀው" አሉኝ።

ከለሚ እስከ ደብረ ሲና በየሠርጉ ሶሎዬን ያልሰማ የለም። አሁን ደግሞ አለመሰማትን ልማር? እስከ ዓርብ ካልያዝኩት ከአዲስ አበባ ሌላ ጊታሪስት ያስመጣሉ። የሚቀልዱ አይመስሉም።

ማክሰኞ

የምንለማመድበት ቤት ድሮ የበግ ቆዳ መጋዘን ነበር። ግድግዳው አሁንም ይሸታል። ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ድራመራችን ሰይድ ጥብስ በልቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ "እስቲ ልሞክራት" ብሎ ጊታሬን አነሳ። ክሩ ሞራ በሞራ ሆነ። በሶፍት ስጠርገው አቅለሸለሸኝ።

ኮርዶቹን ግን ያዝኳቸው። የጣቱ አያያዝ ሁለት ዓይነት ነው፤ ያንኑ ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተቱ ዘፈኑን መጨረስ ይቻላል። ይሄማ ቀላል ነው።

ረቡዕ

ጉድ ሆንኩ። ከሰይድ ጋር ስንጀምር እንዴት ይጣፍጥ ነበር! ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉ ነው የመታሁት። ጋሽ ምሕረቱ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ።

"ስዊንግ አልኩህ እንጂ ችክችካ አልኩህ?"

በስልካቸው የቀዱትን አሰሙኝ። እውነታቸውን ነው፤ የለየለት ሠርግ። ሙሽሪት ብቻ ናት የቀረችው። ስዊንግ ትንሽ ያነክሳል፤ እጄ ደግሞ ገና ማነከሱን ሲሰማ የለመደውን የሠርግ ምት አገኘሁ ብሎ ወደዚያው ነጎደ። ሳላዘው ወደ ላይ ሲመለስ ክሩን ይነካል፤ በቃ፣ እስክስታ። የገዛ እጄ አስጠላኝ።

"ወላሂ እኔ ወድጄዋለሁ" አለኝ ሰይድ ሊያጽናናኝ። ችግሩ እኮ የእሱ መውደድ ነው።

ሐሙስ

ባለቤቴ አስካለ ለነገ ጾም ምስር ስትለቅም ፊት ለፊቷ ተቀምጬ መታሁ። ትከሻዋ ነቅነቅ አለ። ለራሷም አልታወቃትም። ደገምኩት። ነቅነቅ። የሰላ ድንጋይ አገር ልጅ ናት፤ እስክስታ ሲሰማ ትከሻዋ አይዋሽም። ጋሽ ምሕረቱ በስልክ እየቀዱ ከሚደክሙ አስካለን ቢጠሯት ይሻላቸው ነበር።

ቀኑን ሙሉ ትከሻዋን እያየሁ መታሁ። ቀኝ እጄ ሲመለስ ክሩን እንዳይነካ አራቅሁት። ክሩን እንደመታሁ ግራ እጄን ወዲያው አላላሁት። አሁንም ነቅነቅ። የጣቴ ቆዳ ተላጦ ክሩ ላይ ተለጠፈ፤ ይቀፋል። ወደ አመሻሽ ላይ ትከሻዋ ጸጥ አለ። በቃ ምቱን ጭራሽ ገደልኩት ብዬ ጊታሩን ላስቀምጥ ስል እግሯን አየሁት። በነጠላ ጫማዋ ጫፍ ወለሉን ትመታ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ ሳትፈጥን፣ ሳትዘገይ።

"አሁንስ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ምኑ? እስካሁን እየመታህ ነበር እንዴ?"

ተናድጄ ወጣሁ።

ዓርብ

ጋሽ ምሕረቱ ዘፈኑን ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ተጫወቱ፤ በዚህ ሳምንት እንዲህ ሲያደርጉ ገና ዛሬ ነው። ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። ለአዲስ አበባው ሰውዬ እየደወሉ ይሆን? ሰይድን ብጠይቀው "አላህ ያውቃል" ብሎ ድራሙን መሸፈን ጀመረ። የቆዳው ሽታ ደግሞ ዛሬ ብሶበታል።

እሑድ ጠዋት

ከአዲስ አበባ ማንም አልመጣም። ትናንት ወንበሩ ላይ እኔው ተቀመጥኩ። አዳራሹ ቀለምና ጥሬ ሥጋ ይሸታል። ሰው ሥጋ እያላመጠ ሲያዳምጠኝ ድሮም አልወድም። ዓይኔን ከእንግዶቹ ትከሻ ላይ አልነቀልኩም። አንድ ወፍራም ሰውዬ ነቅነቅ ሲል ክው አልኩ፤ ለካ ጓደኛውን ሊያጎርስ ኖሯል። ጠረጴዛ ሥር ግን ጫማዎች ወለሉን ይመቱ ነበር።

ለእኔ ብሎ ያጨበጨበ የለም። ዞር ብሎ ያየኝም የለም። አስካለ እንኳ ከኋላ ተቀምጣ ስታይ ያመሸችው ሰይድን ነው። ዕቃ ስንሰበስብ ጋሽ ምሕረቱ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ዛሬ አልሰማሁህም" አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። ስንት ዓመት ጊታር ተጫውቼ፣ አልተሰማህም ስለተባልኩ ደስ ብሎኝ አደርኩ። ያስጠላል።